ተዘግቷል ከተባለው ቤት፣ ስለ ሲኦል የቀረበ ማብራሪያ

ለጓሮ በር ነዋሪዎች መረዳጃ እድር
ሊቀመንበር ለተከበሩ ጋሽ ኃይለልዑል ደመቀ
ጭድ ተራ ጀርባ፣ አዲስ ከተማ

የተከበሩ ጋሽ ኃይለልዑል፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ እመኛለሁ። የጉልበትዎ ቁርጥማት እንደተሻለዎ ተስፋ አደርጋለሁ። ከደጅዎ እስከ ደጄ ያለችውን ሃያ እርምጃ አምስት ወር ሙሉ ያልተራመዷት በእሱ ምክንያት መሆን አለበት እያልኩ ራሴን ሳጽናና ስለቆየሁ፣ በመዳንዎ ከእኔ የበለጠ የሚደሰት አይኖርም።

ኮሚቴው ማኅተም አሳርፎ የላከልኝን ደብዳቤ በክብር ተቀብያለሁ። ደብዳቤው፣ በእትዬ ሙሉዬ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ «ሲኦል ሌላ ቦታ የለም፣ ያለንበት ይኸው ሲኦል ነው» ብዬ በመናገሬ ሐዘንተኞችን ማስደንገጤንና የፈጣሪን ሥራ መንቀፌን ይገልጽና፣ በመጪው እሑድ በጠቅላላ ጉባኤው ፊት ቆሜ ቃሌን ካነሣሁ የአባልነት ማመልከቻዬ እንደሚታይ፣ ካላነሣሁ ግን «ለዘለዓለም ውድቅ እንደሚሆን» ያሳስበኛል። ለዘለዓለም የሚለው ቃል ከእድር ጽሕፈት ቤትም ሊወጣ እንደሚችል አላውቅም ነበር፤ ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ። የእናንተ ደብዳቤ ቅጂ በእድሩ ቤት በር ላይ ስለተለጠፈ፣ የእኔም ከጎኑ ቢለጠፍ ቅር እንደማይልዎ አምናለሁ።

የሚያነበው ሁሉ ስለማያውቀኝ ራሴን ላስተዋውቅ። መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ትሸጥ የነበረችው የየሻሽወርቅ ልጅ ነኝ። በስታቲስቲክስ ተመርቄ ዛሬ የእናቴን በርበሬ እሸጣለሁ። እናቴ ሃያ ስድስት ዓመት የእድራችሁ አባል ነበረች፤ ጥር ላይ ስታርፍም ድንኳን ተክላችሁ፣ ወንበር ደርድራችሁ፣ በወጉ ቀብራችኋታል። ለእናንተ ከማቀርበው ምስጋና መካከል ከልብ የሆነው ይህ ብቻ ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር እንዳይቀላቀል ለይተው ያስቀምጡልኝ። በአራተኛው ቀን ድንኳኑ ተነቀለ። በዚያው ዕለት ጸሐፊው ጋሽ አለሙ መዝገቡን ገልጠው ከእናቴ ስም ትይዩ «ቤቱ ተዘግቷል» ብለው ጻፉ። እኔ በዚያ ሰዓት ቤቱ ውስጥ ነበርኩ።

ለሲኦሉ ንግግር ያበቁኝን ነገሮች በቁጥር እንዳቀርብ በደብዳቤያችሁ ስለታዘዝኩ፣ እነሆ፤

አንደኛ፤ በእናቴ ምትክ እንድመዘገብ ሳመለክት፣ በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት አባል መሆን የሚችለው ትዳር የመሠረተ ወይም መሥርቶ የነበረ ሰው ብቻ እንደሆነ ተነገረኝ። ጋሽ አለሙ ጨዋ ሰው ስለሆኑ እንዳይከፋኝ በማሰብ «የኔ ልጅ፣ አንቺ እኮ ገና ቤት አልሆንሽም፤ አግብተሽ ነይ፣ ያኔ በእልልታ ነው የምንቀበልሽ» አሉኝ። ደንብ ነው ብዬ ልቀበለው ስል ግን፣ በሦስት ዓመት የምበልጠው፣ ሚስት ቀርቶ ድመት እንኳ የሌለው ጎረቤታችን ፍቃዱ፣ አባቱ በሞቱ በሳምንቱ በስማቸው መተካቱን ሰማሁ። ወንድ ብቻውን ሲኖር ቤት ይባላል፤ ሴት ብቻዋን ስትኖር ዝግ በር ትባላለች። ይህንን በዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተምሬ ስላልደረስኩበት በነጻ ስላስረዳችሁኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ በመርካቶ ጩኸት ጡሩምባ የሚሰማው ስለጠፋ ለፋፊያችን በየአባሉ ደጅ እየቆመ እያንኳኳ ሞት ማርዳቱ እርስዎ ያመጡት ሥልጣኔ መሆኑን አውቃለሁ። ጎሕ ሲቀድ የጎረቤቴ በር ሲንኳኳ እሰማለሁ። ቀጥሎ የእኔ ነው ብዬ ነጠላዬን ለብሼ ከበሩ ኋላ እቆማለሁ። እርምጃው ደጄ ላይ ሲደርስ ይፈጥናል። አንድ ቀን ከኋላው ሮጬ ማን እንደሞተ ብጠይቀው፣ ዓይኔን ሳያይ «አንቺን አይመለከትም» አለኝ፤ የታዘዘ ሰው ነውና አልፈርድበትም። ከዚያ በኋላ መሮጥ ተውኩ። ግንቦት ላይም አንድ ጠዋት አልሮጥኩም። በርበሬ በረንዳ ወረድኩ፣ ሸጥኩ፣ አንድ ደንበኛ በቀለደው ቀልድ ከልቤ ሳቅኩ። የሞቱት እትዬ ሙሉዬ ነበሩ። እናቴ መነሣት ባቃታት በእነዚያ ሰባት ወራት፣ እኔ ገበያ ስውል ጠዋትና ማታ እየመጡ የሚያገላብጧት፣ ገላዋን የሚያጥቧት እትዬ ሙሉዬ! እኔ ስስቅ እሳቸው አፈር ለበሱ።

በማግሥቱ ከገበያ ሰው ሰምቼ ድንኳኑ ስደርስ፣ አንዲት የእድራችን እናት «ዛሬ ገና ነው የምትመጪው? እሷ ለእናትሽ እንዲያ ሆና!» ብለው በሰው ፊት ወቀሱኝ። ያንን የሲኦል ቃል የተናገርኩት ለዚህ መልስ ነው።

ሦስተኛ፤ ተናግሬ እንደጨረስኩ ወደ ጓሮ ተወስጄ ሳህን እንዳጥብ ተደርጌያለሁ። ለሳህኑ ያገባሽ ነሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልለፍ። ቃሌን ከማንሣቴ በፊት ውሸት ይሁን እውነት ራሴ መመርመር ስለነበረብኝ መርምሬያለሁ። ሲኦል እሳት ነው ካሉን፣ በርበሬ በረንዳ አቧራው ሲነሣ የቆመ ሰው አዲስ ነገር አይነገረውም። ግፊያና ጭንቅ ነው ካሉንም፣ አብነት ሰፈር ዝናብ ሲጥል ታክሲ የጠበቀ ሁሉ ደርሶበታል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ሲኦል አይደለም። በረንዳው ላይ ሳስነጥስ ስሜን የማያውቁ አሥር ሰዎች ከዚህም ከዚያም «ይማርሽ!» ይሉኛል፤ አንዱ ተሸካሚማ ጆንያ እንደተሸከመ ይለኛል። አንድ ምሽት ግን ቤቴ ገብቼ በነጠላዬ ላይ የቀረው በርበሬ አስነጠሰኝ። ከዚያ ሳላስበው ጸጥ ብዬ ጠበቅኩ። ምን እንደምጠብቅ የገባኝ ቆይቶ ነው። ይማርሽ የሚል ሰው እየጠበቅኩ ነበር። ጋሽ ኃይለልዑል፣ ሰባኪዎቻችን ስለ ሲኦል ብዙ ነግረውናል፤ እዚያ የሚያስነጥስ ሰው ምን እንደሚሰማ ግን አልነገሩንም። እኔ አሁን አውቀዋለሁ።

ለክርክሬ የማይመች ማስረጃም ስላለ መደበቅ ነውር ይሆንብኛል። ከግድግዳዬ ማዶ ኑሪ የሚባል ሸራ ነጋዴ ይኖራል። ሙስሊም ነው፤ እድሩም ሌላ ነው፤ ስለ እኔ የሚጠየቅበት አንቀጽ በየትኛውም ደንብ ውስጥ የለም። የድንኳኑን ወሬ ከሰማ ወዲህ ለፋፊው ባለፈ ቁጥር ወጥቶ ማን እንደሞተ ይጠይቅና ግድግዳውን በቡጢ እየደበደበ «ፍቅርአዲስ! ዛሬ የባለ ወፍጮው ወንድም ናቸው፣ ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው! ደግሞ ቀርተሽ እንዳታስወቅሺኝ!» ይለኛል። በሲኦል እንዲህ ያለ ግድግዳ የለም። ስለዚህ ምድር ሲኦል ናት ማለቴ ስሕተት ነበር፤ እናንተ በሠራችሁት ፈጣሪ የሠራውን ሰደብኩ። ለዚህም እግዚአብሔርን ተንበርክኬ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ጉባኤውን ግን አልጠይቅም።

እሑድ አልመጣም። ይህንን ስጽፍ የማልፈራ እንዳይመስልዎ። እኔ የሞትኩ ዕለት ማን ለማን እንደሚያረዳ፣ ስንት ሰው ከሣጥኔ ኋላ እንደሚሄድ ተኝቼ አስባለሁ፤ ቁጥር የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ቆጥሬዋለሁም፤ ብዙ አይደለም። ቢሆንም የእትዬ ሙሉዬን ቀብር በነሣኝ መዝገብ ውሸት ተናግሬ ልገባበት አልችልም። ለቀብር ለመቆም ግን አባል መሆን ያስፈልጋል የሚል አንቀጽ ደንቡን ሁለት ጊዜ አንብቤ አላገኘሁም። ስለዚህ የእድርተኛው ማንም ሰው ቢሞት እመጣለሁ፤ የእርስዎ ቀብር ቢሆንም፣ ዕድሜዎን ያርዝመውና፣ አልቀርም።

ለአምስት ወራት ዝምታዎ፣ ለማኅተምዎ ጥራትና የእኔን ነፍስ ለማዳን ለባከነው የኮሚቴ ጊዜ ጥልቅ አክብሮቴን እየገለጽኩ፣ ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ ከልብ የምመኝ፣

ፍቅርአዲስ ኪዳነወልድ
በስም ዝርዝራችሁ ውስጥ የሌለች ነዋሪ

ማስታወሻ፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት የሞላትና ትዳር ያልያዘችው ልጅዎ መቅደላዊት ትናንት ቤቴ መጥታ ነበር። እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። «አባባ የሆነ ቀን ሲያርፍ እኔን በማን ስም ይጽፉኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህ ከአቅሜ በላይ ስለሆነ ወደሚመለከተው አካል መርቻታለሁ፤ ዛሬ ማታ እራት ላይ ትጠይቅዎታለች።