የወንድምሽ ሳቅ

ይድረስ ለልጅ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ የኔ ዓለም? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። እናትሽ ደህና ናት፤ ሲጮህ የነበረው በርም ተጠገነ። ወንድምሽ ሲስቅ ጉልበቱ እየከዳው ዘጭ ይላል። በልጅነቱ የቀበርኩት አጎትሽም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንዲሁ ነበር። ስለዚህ እቤት ውስጥ ቀልድ ትቻለሁ።

ትናንት «አያቴ፣ ተቀይመሽኛል እንዴ?» አለኝ።

«ጥርሴን አሞኝ ነው» አልኩት።

«የቱን? ያለሽ አንድ ብቻ!» ብሎ ሳቀና ወደቀ። አቅፌ አነሳሁት።

ለመሆኑ ያ አንቲቦዲ የምትዪው፣ በየሴሉ ኮሌስትሮል የሚያመላልሰውን ፕሮቲን አድኖ የሚጣበቀው፣ ለላቦራቶሪሽ ከወንድምሽ ክንድ በወሰዳችሁት ቆዳ ላይ አገኘው? ፕሮቲኑ ከጠፋ የአጎትሽ ሕመም ነው ብለሽኛልና፣ ካገኘው ደውይልኝ። ካላገኘው ግን በስልክ አትንገሪኝ፤ ራስሽ ነይ።

ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ።

አያትሽ