የ6ኛ «ለ» ክፍል ጥያቄዎች

አዲስ አበባ፣ መካኒሳ አቦ
እሑድ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለልጄ ለማርታ ደምሰው
ድሬዳዋ

የተወደድሽ ልጄ ማርታ፣

ጤንነትሽን እናትሽ በየእሑዱ ትነግረኛለች። ስልክሽ ሲጠራ ይዛው ወደ ጓዳ ትገባለች፤ ስትወጣ «ደህና ናት» ትለኛለች። አምስት ዓመት ሙሉ ስለ አንቺ የሰማሁት ይህንኑ ሁለት ቃል ነው። ባለፈው እሑድ ግን ወሬው ረዘም ብሎ መጣ። «ለገና መምጣቷን አልወሰነችም፤ አባዬ እንደ ድሮው ከሆነ ይቅርብኝ ብላለች» አለችኝ። ወጥቼ እስከ አቦ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ተመለስኩ።

ስልክ ብደውል አታነሺም፤ ብታነሺም ድምፄ ከሐሳቤ ቀድሞ ይጮኻል። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። መጀመሪያ የማነሳው ግን የሥራ ጉዳይ ነው። አንቺም የአንደኛ ክፍል መምህርት ነሽ፤ የእናንተም ትምህርት ቤት እንደተከፈተ ሰምቻለሁ። እንደ ሥራ ባልደረባ ልጠይቅሽ፦ ማስክ ከመጣ ወዲህ ያንቺ ልጆች ጥያቄ አብዝተዋል?

ለምን እንደምጠይቅሽ ከሥሩ ላስረዳሽ።

እኛ የተከፈትነው ኅዳር ላይ ነው። ከመጋቢት ጀምሮ ተዘግቶ የከረመው ግቢ ሣሩ ጉልበት ደርሶ ነበር፤ በኔ ክፍል መስኮት ላይ ርግብ ጎጆ ሠርታ አገኘኋት። የመጣልን መመሪያ ዘጠኝ ገጽ ነው። ዘጠኙንም ገጽ ያነበብኩት እኔ ብቻ እንደሆንኩ እገምታለሁ። ሃምሳ ሁለት የነበሩት ተማሪዎቼ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ግማሾቹ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ይመጣሉ። በአንድ ዴስክ አንድ ልጅ። የታደለው ማስክ ለአዋቂ የተሰፋ ስለሆነ የአንዳንዱ ልጅ ዓይን ብቻ ነው የሚታየው። ሳሙናው በሦስተኛው ቀን አለቀ። ጮኽኩ፤ በአራተኛው ቀን መጣ።

ኳስ ተከልክሏል፤ መነካካትም ተከልክሏል። ልጆቹ ምን እንዳደረጉ ታውቂያለሽ? በእረፍት ሰዓት ሲሯሯጡ የሚይዙት ሰውን አይደለም፣ ጥላውን ነው። ጥላው የተረገጠበት ይወጣል። ደመና ሲመጣ ሁሉም ባሉበት ቆመው ፀሐይ ይጠብቃሉ። ይህን ያስተማራቸው ማን እንደሆነ አጣርቼ ነበር፤ ማንም አይደለም።

ዘበኛውን ጋሽ ሞልቱን መቼም አትረሻቸውም። የሙቀት መለኪያ ተሰጥቷቸው በር ላይ ይቆማሉ። በመጀመሪያው ቀን ግንባሬ ላይ ደቅነው፣ «ሠላሳ ሁለት» አሉኝ።

«ጋሽ ሞልቱ፣ የሰው ሙቀት ሠላሳ ሁለት ከሆነ እኮ ሰውየው ሞቷል ማለት ነው።»

«እንግዲያው ይግቡ፤ የሚመለሰው ከሠላሳ ሰባት ተኩል በላይ የሆነው ነው። ስለ ሞተ ሰው የተነገረኝ ነገር የለም።»

ከኋላዬ የተሰለፉት ልጆች ሳቁ። ዞሬ አየኋቸው። ድሮ ዞሬ ሳያቸው ሳቁ ያቆም ነበር፤ ያን ቀን አላቆመም። በወቅቱ ልብ አላልኩትም።

እነዚህን ልጆች ዐውቃቸዋለሁ። አምና አምስተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ ዘንድሮ አብሬያቸው ስድስተኛ ክፍል ገባሁ። የመጀመሪያዎቹ አርባ አምስት ቀናት የአምናውን ትምህርት ማካካሻ ናቸው። አምና ከመስከረም እስከ መጋቢት ክፍል ውስጥ የተጠየቅኳቸው ጥያቄዎች፣ ሽንት ቤት የመሄድ ፈቃዱን ትተን፣ ከአሥር አይበልጡም። ዝምታቸውን እንደ ሥነ ሥርዓት ነበር የማየው፤ እኮራበትም ነበር።

በሁለተኛው ቀን ስድስት ሲካፈል ለግማሽ ብዬ ሰሌዳው ላይ ጽፌ፣ «አሥራ ሁለት» አልኩ። ከኋላዬ አንድ ድምፅ መጣ።

«ቲቸር፣ ማካፈል ማሳነስ አይደል እንዴ? እንዴት በለጠ?»

«ማነው?» ብዬ ዞርኩ። ሁሉም በማስክ ተሸፍነዋል፤ የማን አፍ እንደተንቀሳቀሰ አይታወቅም። ቀስ ብላ አንዲት እጅ ወጣች። ሪሐና ናት፤ ወላጆቿ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ጫማ ይሸጣሉ። አምና ስም ስጠራ እንኳ «አቤት» የማትል፣ ጣቷን ብቻ የምታነሳ ልጅ ነበረች። በጣም ስለገረመኝ መቆጣቱን ረሳሁት። ስድስት ዳቦ ሣልኩ፤ እያንዳንዱን ለሁለት ቆረጥኩ፤ ቁራጮቹን እንዲቆጥሩ አደረግኩ። ሳልጨርስ ሌላ እጅ ወጣ፤ «በሩብ ብናካፍለውስ?» ቀጥሎ ሌላ። ደወሉ ሲደወል ማስታወሻዬ ጠርዝ ላይ ያሰመርኳቸውን ቆጠርኩ፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ አሥራ አንድ ጥያቄ።

ምክንያቱን ማወቅ ፈለግኩ። የልጆቹ ቁጥር ስላነሰ ይሆናል አልኩ። ወይም ስምንት ወር ቤት ተዘግተው ወሬ ርቧቸው ይሆናል። የሳይንስ መምህሩን ኮርሳን ጠየቅኩት፤ እነዚያኑ ልጆች በዚያው ክፍል ነው የሚያስተምረው።

«ኮርሳ፣ ዘንድሮ ልጆቹ ጥያቄ አላበዙብህም?»

«ኧረ እንደ ድሮው ናቸው ጋሼ።»

«እንደ ድሮው ማለት?»

«እኔን ድሮም ይጠይቁኛል» አለ። ማስኩ ዳር ዳሩ ሲሰፋ አየሁት፤ እየሳቀ ነበር።

ስለዚህ የቁጥር ማነስም የወሬ ረሃብም አይደለም። ማስኩ ነው አልኩ፤ ፊታቸው ስለተሸፈነ ደፈሩ። መልሱ አጥጋቢ መሰለኝና ተውኩት። ነገሩ እንደገና የተከፈተው ግቢው ውስጥ ነው። መመሪያው ፀሐይ ሲሆን ውጭ ማስተማርን ያበረታታል፤ እኔም ጥዱ ሥር ወሰድኳቸው። ድምፄ እንዲሰማ ብዬ ማስኬን ወደ አገጬ አወረድኩ፤ ርቀቱን በሜትር ለክቼ ነው የቆምኩት። እነሱ እንደተሸፈኑ ናቸው። ያን ቀን ስንት ጥያቄ ተጠየቅኩ መሰለሽ? አንድም። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ክፍል ውስጥ፣ ማስኬን አድርጌ፣ ዘጠኝ።

አጋጣሚ ነው እንዳልል ደጋገምኩት። ውጭ ሆኜ ሳወርደው ይጠፋሉ፤ ውጭ ሆኜ ሳደርገው ይመጣሉ። በማክሰኞዎቹም በሰኞዎቹም ሞከርኩ፤ ስድስት ጊዜ። ስድስቱም አንድ ዓይነት ነው። ለውጡን ያመጣው የእነሱ ማስክ አልነበረም፤ የኔ ነበር።

ሪሐናን በእረፍት ሰዓት ጠራኋት። «አልቆጣሽም፤ ማወቅ ፈልጌ ነው» ብዬ ያየሁትን ነገርኳት።

«እውነቱን ልናገር ቲቸር?»

«ተናገሪ።»

«አፍዎ ነዋ!»

«አፌ ምን ሆነ?»

«ሰው ሲጠይቅዎት እንዲህ ይሆናል» ብላ ማስኳን አውርዳ አሳየችኝ። ከንፈሯን ጨምድዳ ወደ ግራ ሳበችው፤ የበሰበሰ ነገር የሸተታት ትመስላለች። ዙሪያችንን የከበቡት ልጆች ፈነዱ። «ወላሂ ራሱ ነው!» «ቁርጥ ቲቸር ደምሰው!» አንዱማ «ትንሽ ጥርስ ይቀረዋል» ብሎ አረማት።

«ማስክ ሲያደርጉ ግን ዓይንዎ ብቻ ነው የሚታየው» አለች ሪሐና። «ዓይንዎ ደግሞ ደህና ነው።»

ቤት ገብቼ እናትሽን ጠየቅኳት። ምስር እየለቀመች ነበር።

«ተናኘ፣ ሰው ሲጠይቀኝ አፌ ምን ይሆናል?»

ቀና አላለችም። «ሠላሳ ዓመት አብረን ኖረን ዛሬ ጠየቅከኝ?»

«ንገሪኛ።»

«ማርታን ጠይቃት። አምስተኛ ክፍል ፊት ለፊትህ ተቀምጣ የተማረችው እሷ ናት።»

«እሷማ ምህንድስናውን ጥላ ስትሄድ መች ጠየቀችኝ?»

ይህን ለሁሉም ሰው ስናገር ኖሬያለሁ፤ ለኮርሳም፣ ለጎረቤቶቻችንም፣ ለአክስቶችሽም። ልጄ ሦስት ዓመት የተማረችውን ምህንድስና ሳትጠይቀኝ ጥላ አስተማሪ ሆነች እላለሁ። የሚሰማኝም ሰው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል።

«ጠይቃሃለች» አለች እናትሽ። ምስሩን አስቀምጣ ተነሣች፤ ከቁም ሣጥኑ ውስጥ አንድ ፖስታ አውጥታ ጭኔ ላይ ጣለችው። ምህንድስና ስትማሪ ሳለሽ ከአዳማ የጻፍሽልኝ ደብዳቤ ነው። ከቤት የወጣሽ ቀን ለእሷ ትተሽላት እንደሄድሽ አላውቅም ነበር።

ሦስት ገጽ ነው። በቀይ እስክሪብቶ አርሜ መልሼልሽ ነበር፤ ያንን አስታውሳለሁ። ያላስታወስኩት ደብዳቤው የሚለውን ነው። አሥራ አራት ቦታ አስምሬበታለሁ። «ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል» ብያለሁ። «ማስረጃ የለውም» ብያለሁ፤ ይህንን የጻፍኩት ትንንሽ ልጆች ማስተማር ደስ እንደሚልሽ በነገርሽኝ አጠገብ ነው። ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ «አባዬ፣ አንተ ምን ትላለህ?» ይላል። እዚያ ላይ ቀይ የለም። የመጨረሻው መስመር ስሕተት አልነበረበትም፤ ስለዚህ አለፍኩት።

ደብዳቤውን ደጋግሜ አነበብኩት። እናትሽ ምስሯን ጨርሳ መብራት አበራችልኝ።

እንግዲህ አምስት ዓመት ዘግይቶም ቢሆን የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። እንዳስተምር የተመደብኩት በሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ ከአራት ኪሎ በሒሳብ ዲግሪ ይዤ ወጥቼ ጠመኔ ለመጨበጥ። ያኔ የተናደድኩት ንዴት እስካሁን አልበረደም፤ አንቺ ደግሞ ልትበርሪ ነው እያልኩ ስጠብቅ ወደኔው ሰሌዳ መጣሽ። ፈርቼልሽ ነበር። ይህንን ግን በቀይም በሰማያዊም አልጻፍኩልሽም። የምለው ይህ ነው፦ በደንብ አስበሽበት ነበር። ማስረጃም ነበረው። ሂጂ፣ አስተማሪ ሁኚ፣ እልሽ ነበር።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። አምስተኛ ክፍል ሳለሽ መጠየቅ ያቆምሽው በአፌ ምክንያት ነው? በዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ ትጠይቂ ነበር፤ መቼ እንደተውሽ ግን ማስታወሻ አልያዝኩም። መልስሽ የመሰለሽን ይሁን፤ ቢረዝምም ማስረጃ ባይኖረውም አላርመውም።

ለገና ከመጣሽ ቤት ውስጥ ማስክ አላደርግም። አፌ እንዳለ ነው የምታገኚው፤ ይህንን ቀድሜ ልንገርሽ። ልምምድ ግን ጀምሬያለሁ። ዓርብ ዕለት ጥዱ ሥር ማስኬን አውርጄ «ጠይቁኝ» አልኳቸው። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። በኋላ ሪሐና እጇን አወጣች፤ አሥርን በዜሮ ብናካፍል ምን እንደሚሆን ጠየቀችኝ። ስመልስላት ጥዱ ላይ ያስደገፍኩትን ሰሌዳ አላየችም፣ አፌን ነበር የምታየው። ስጨርስ «እንዴት ነበርኩ?» አልኳት።

«ከአሥር ስድስት» አለችኝ።

እኔ ብሆን አራት ነበር የምሰጠው። ግን ስድስት ማለፊያ ነው።

እግዚአብሔር በመንገድሽም በክፍልሽም ይጠብቅሽ። የምታስተምሪያቸው ልጆች የማይፈሩሽ፣ ጥያቄያቸው የማያልቅ ይሁኑ። አንቺንም የሚሰማሽ አይጥፋ።

አባትሽ
ደምሰው

ማስታወሻ፦ ይህንን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ የኮርሳ ወንድም ነው፤ በድሬዳዋ መስመር የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ታኅሣሥ 27 ማክሰኞ ጠዋት ከእናንተ ዘንድ የሚነሣው አውቶቡስ አዲስ አበባ የሚገባው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እንደሆነ ነግሮኛል። በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ክፍለ ጊዜ የለኝም። የጠየቅኩት ለማወቅ ያህል ነው።