በምሽት የጮኸው ድንክ አውራ ዶሮ

መጋቢት 8፣ ማክሰኞ

እመኚኝ። እታለም ይኼን ጊዜ ብቻ እመኚኝ፣ በማርያም፣ ይኼን ጊዜ ሸራ አይደለም... በዓይኔ ነው ያየሁት።

እንዲህ ብዬ ነው የምነግራት። እህቴ ካሰች ቡሬ ነው ያለችው። «ስትደውይ ትንፋሽሽ ይቆረጣል፣ ምንም አይሰማኝም። መጀመሪያ ጻፊውና እያነበብሽ ንገሪኝ» ብላኛለች። ይኸው አወጣሁት ደብተሩን። ስድስተኛ ክፍል ሳቋርጥ የተረፈኝ ነው፣ ግማሹ ባዶ።

ዛሬ እንደ ሌላው ቀን ነበር። ምግብ ቤት ሰሃን አጠብሁ፣ ጾም ስለሆነ ቅቤ የለው፣ ቶሎ አለቀ። አሥር ሰዓት ላይ ገባሁ። ለድንክ ዶሮዎቼ ስንዴ በተንሁላቸው። ፀሐይ ልትገባ ስትል አውራው ጮኸ። በምሽት! አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ። ቀና ስል ግቢው ውስጥ ካለው ዘይቱን ዛፍ ሥር... ጅራቱ ረጅም፣ ቀለበት ቀለበት ያለው። ሸለምጥማጥ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ የለም። በየት በኩል ወጣ?

እትዬ እማዋይሽ ወጡ። የግቢው ባለቤት ናቸው። እሳቸው ዶሮውን እንጂ ሌላ አላዩም። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«በመሸ የጮኸ አውራ ዶሮ መርዶ ነው የሚጠራ። ልጄ መንገድ ላይ ነው።»

ልጃቸው ወንዳወቅ አይሱዙ ይነዳል፣ በነቀምት መስመር።

«እትዬ ይመኑኝ፣ አውሬ አይቶ ነው የጮኸ...»

«አንቺን? አንቺን ልመን?»

እንዴት ያምኑኝ። ጥር ላይ ጣራው ላይ ሰው አለ ብዬ ግቢውን ሁሉ ዱላ አስይዤ አስወጣሁት። የእሳቸው የእህል ማስጫ ሸራ ነበር፣ ነፋስ ያነሳው። ከዚያ ወዲህ ስሜ ያምሮት መሆኑ ቀርቶ ሸራ ሆነ።

«ለፋሲካ ይታረዳል» አሉ። «እስከዚያ ጣራዬ ሥር አይደር። ሌሎቹንም ከክፍልሽ አውጪያቸው።»

ለካሰች ደወልሁ፣ አላነሳችም። ሳይመሽ ደውይልኝ ብዬ መልእክት ላክሁ። መሸ።

መጋቢት 9፣ ረቡዕ

አልደወለችም።

ድንኮቹ የአባባ ናቸው። አባባ ሽንዲ አጠገብ ቄስ ነበሩ። አምና ሲያርፉ ወንድሞቼ በሬውን ተካፈሉ፣ መሬቱን ተካፈሉ። ድንኮቹን ማንም አልፈለገ። «ለአንድ ጉርሻ አይበቁም» ብለው ሳቁ። በቅርጫት ይዣቸው ፍኖተ ሰላም መጣሁ። አውራውና ሦስት ሴቶች። ገብስማዋ፣ ቀይዋ፣ ነጯ። አውራውን መሪጌታ ያሉት አባባ ናቸው። ለማኅሌት የሚቀሰቅሳቸው እሱ ነበራ። «ስልክ ይዘጋል፣ መሪጌታ አይዘጋም» ይሉ ነበር። ከአባባ ያለኝ ይኼ ነው። ሌላ የለኝም።

ዛሬ በረንዳ ላይ ካርቶን ውስጥ ላሳድራቸው ነው። ድንጋይ እጭንበታለሁ... ይበቃ ይሆን?

መጋቢት 10፣ ሐሙስ

ነጯ የለችም። ካርቶኑ ተቀዷል። ዘይቱኑ ሥር ላባ።

ደረሰ ባጃጁን ሲያጥብ አየኝ። ጎረቤቴ ነው፣ አንድ ግቢ ነን።

«ምነው ሸራ? በጾም በላሻት እንዴ?»

ሳለቅስ ሲያይ ጨርቁን አስቀመጠ። ከዚያ «በይ ማደሪያ እስክታገኚላቸው ባጃጄ ውስጥ ይደሩ። ግን ወንበሬ ላይ ኩስ ቢጥሉብኝ አንቺ ነሽ የምታጥቢው» አለ።

መጋቢት 12፣ ቅዳሜ

የዶሮ ቤት ፍለጋ ገበያ ዞርሁ። የቀርከሃ ቅርጫት ብቻ ነው ያለ። እሱን ለሸለምጥማጥ መስጠት ቁርስ በሰሃን ማቅረብ ነው። አናጢው «ከፋሲካ በኋላ እሠራልሻለሁ» አለ። ከፋሲካ በኋላ ለማን?

ካሰች ደወለች በመጨረሻ። አነበብሁላት። «እውነት አየሽው?» አየሁት። «እንዳለፈው እንዳይሆን ብዬ ነው...» ቡሬ ተሠርቶ የተቀመጠ የዶሮ ቤት አይቻለሁ አለች፣ ብየዳ ቤት። «ግን ሥራሽን ጥለሽ ስትመጪ እንዳያባርሩሽ። የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥይ።»

መጋቢት 14፣ ሰኞ

መንገድ ዝግ ነው። መነኻሪያ ሄጄ ተመለስሁ። ማንም መቼ እንደሚከፈት አያውቅም። እትዬ እማዋይሽ ለወንዳወቅ ይደውላሉ፣ አይሠራም። ይደውላሉ፣ አይሠራም። መሪጌታን ሲያዩት ያማትባሉ። እኔንም።

መጋቢት 15፣ ማክሰኞ

ደረሰ ተናደደ። ሦስቱም ባጃጁ መሪ ላይ ተሰልፈው አድረው አገኛቸው። እጀታው ሁሉ ኩስ። «ሾፌር ሊሆኑ ነው?» አለ። አጠብሁለት።

መጋቢት 17፣ ሐሙስ

ቡሬ ሄድሁ። በጠዋት ተከፈተ ሲሉ ሮጥሁ፣ ሳላስፈቅድ ቀረሁ ከሥራ።

በያጁ ቂርቆስ ይባላል። በርና መስኮት ይሠራል፣ ለፈረንጅ ዶሮ አርቢዎች ደግሞ ቤት። የተሠራ ሦስት አለ አለን።

አንደኛው ሰፊ፣ ዙሪያው ሽቦ፣ ጎማ ሁሉ አለው። ጡጫዬን በሽቦው ከተትሁ። ገባ።

«እህቴ፣ የምታስገቢበት ዶሮ ነው እጅሽን?»

«የእሱም እጅ ይገባል» አልሁ።

«የማን?»

ካሰች በክርኗ ነካችኝ።

ሁለተኛው የእንጨት ነው፣ ሰማያዊ ቀለም፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ መስኮት። እንዴት ያምራል! ካሰች «ይኼንስ እኔም እከራየው ነበር» አለች። በሩ ግን በገመድ ነው የሚታሰር። ለገመድ አንድ ጥፍር ይበቃዋል። ልቤ እያለቀሰ ተውሁት።

ሦስተኛው ጥግ ላይ ተጥሎ። ያዘዘው ሰው ሳይወስደው ቀረ አለ። ጎኑም ጀርባውም ላሜራ፣ ፊቱ ጥቅጥቅ ያለ ሽቦ፣ ሁለት መቀርቀሪያ። ዝጓል። ቁመቱ ከጉልበቴ አይበልጥም። ጣቴን ሞከርሁ። ትንሿ ጣቴ ብቻ፣ እሷም እስከ ጥፍሯ።

«ይኼ እስር ቤት ነው» አለች ካሰች።

«ይኼን» አልሁ።

መልክ አይደል እኔ የምፈልግ። በሚኒባስ ጣራ ላይ አሰርነው። እስከ ፍኖተ ሰላም አንገቴ ወደ ላይ። ይወድቅ ይሆን? ፈቶት የሚወስደው ይኖር ይሆን?

መጋቢት 18፣ ዓርብ

አይገቡም።

ስንዴ በተንሁ ውስጡ፣ በልተው ይወጣሉ። ሲመሻሽ መሪጌታ ዘይቱኑ ላይ ወጣ። ዘይቱኑ ላይ! አወረድሁት፣ በግድ ከተትሁት፣ ሁለቱንም መቀርቀሪያ ዘጋሁ። ክንፉን ከላሜራው እያጋጨ ይጮኻል። ፀሐይ ገና አልገባችም።

እትዬ እማዋይሽ በሩ ላይ ቆመው ጆሯቸውን ይዘዋል።

«ፋሲካን አልጠብቅም። ቅዳሜ ሳምንት ዶሮ የሚሰበስብ ነጋዴ ይመጣል፣ ይወስደዋል። ልጄ አሥር ቀን ሙሉ ድምፁ የለም፣ ይኼ ይጠራብኛል!»

ተሳስቻለሁ። ጠንካራ ነገር ገዛሁ፣ የማይገቡበት። ምን ያደርጋል መቀርቀሪያ?

መጋቢት 20፣ እሑድ

ከቅዳሴ ስንመለስ ደረሰ የዶሮ ቤቱን በእግሩ መታ መታ አደረገው።

«አንቺ ሸራ፣ ይኼ ሾፌር ነው፣ መሪ ላይ ነው የሚያድር። አንቺ ወስደሽ መሬት ላይ አስተኛሽው።»

ቆጥ!

ጅል ነኝ። አባባ ጋ ከአልጋቸው በላይ ነበር ቆጣቸው። እኔም ክፍል ከአልጋዬ በላይ። ባጃጁም መሪው ላይ ወጡ... ስንት ጊዜ ነገሩኝ። ቂርቆስ የሠራው ለፈረንጅ ዶሮ ነው፣ ክብደቷ ከመሬት አያስነሳት። ድንክ መሬት ላይ አያድርም። ፈርቶ ነው የጮኸው፣ እንደኔ።

ግን ጉልበቴን የማይደርስ ቤት ውስጥ ቆጥ የት ይሰቀላል?

መጋቢት 21፣ ሰኞ

አቆምሁት! ሬሳ ሣጥን እንደሚያቆም ሰው፣ በአንድ ጎኑ ቀጥ አድርጌ። አሁን ወገቤ ድረስ ነው። የወይራ እንጨት ከነልጣጩ በሽቦ አሰርሁ፣ ከላይ። በሩ ወደ ጎን ነው የሚከፈት፣ ድንጋይ ደርድሬ ደረጃ ሠራሁላቸው። ደረሰ ሳቀ፣ ግን ድንጋዩን አቀበለኝ።

መጋቢት 22፣ ማክሰኞ

ራሳቸው ገቡ። ማንም ሳይነካቸው። መሪጌታ ቀድሞ፣ ገብስማዋ፣ ቀይዋ። ቆጡ ላይ ተጠጋጉ። ዝም።

ሰው ሁሉ ዝም እንዲል ፈለግሁ። እትዬ እማዋይሽ በመስኮት እያዩ ነበር። ስንያይ መጋረጃውን ለቀቁት።

መጋቢት 23

ዝም። ግን ነጋዴው ቅዳሜ ይመጣል። ዝም ማለቱን ማን ይነግርለታል?

መጋቢት 25፣ ዓርብ

ዛሬ ግን ሌላ ነው።

ሥራ ነበርሁ፣ ዶሮዎቹን ደረሰ ዘግቶልኝ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ገባሁ። እትዬ እማዋይሽ ግቢው መካከል በባዶ እግራቸው፣ ነጠላቸው መሬት ላይ፣ መጥረጊያ ይዘው። ደረሰ አጠገባቸው።

እንደነገሩኝ፣ መሪጌታ ጮኸ። እሳቸው «ነጋዴ አልጠብቅም፣ በገዛ እጄ እወረውረዋለሁ» ብለው ወጡ። ሲወጡ ሽቦው ላይ ተለጥፏል አሉ። ጅራቱ ቀለበት ቀለበት። እጁን በሽቦው ሊከት ይቧጥጣል፣ ከጥፍሩ በቀር አይገባለትም። መቀርቀሪያውን ይነካካል እንደ ሰው። በመጥረጊያ መቱት፣ በአጥሩ ዘለለ።

«በእግዚአብሔር እመነኝ ደረሰ! ይኼን ያህላል!»

«እትዬ... ሸራ ይሆናል እኮ። ነፋስ አለ ዛሬ።»

እየቀለደ ነው። ግን እሳቸው አልገባቸውም። ወደ እሱ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ። እንዲህ ያለ ዓይን አውቀዋለሁ። የኔ ነበር።

«እኔ አምናለሁ እትዬ» አልሁ።

ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ። «እንግዲህ ሲጮኽ የከረመው ይኼንን ነው?» አሉ። «ይኼንን ነው እትዬ።» «መርዶ አይደለም?» «አይደለም።» ነጠላቸውን አንስቼ አለበስኋቸው። ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ፣ ብዙ። አሥራ ሰባት ቀን ልጃቸውን በልባቸው ሲቀብሩ ነው የከረሙ። እኔ ስለ ዶሮዬ ብቻ ነበር የማስብ።

ነጋዴውን አትምጣ በልልኝ አሉት ደረሰን።

መጋቢት 28፣ ሰኞ

ወንዳወቅ ደወለ። ነቀምት ነው፣ ደህና ነው፣ ኔትወርክ ነው የጠፋው። እልልታቸውን ሰምቼ ከሰሃን ማጠቢያው... አይ፣ ዛሬ ዕረፍቴ ነበር፣ ከደጃፌ ነው የሮጥሁ።

ሚያዝያ 4፣ ፋሲካ

የታረደው ሌላ ዶሮ ነው፣ የገበያ። ወንዳወቅ ከመንገድ ገብቶ ነው ያረደው። እትዬ ሁለት ጊዜ አጎረሱኝ።

ሚያዝያ 7፣ ረቡዕ

ገብስማዋ ታቅፋለች። ሰባት ዕንቁላል።

እትዬ እማዋይሽ ከወንዳወቅ ጋር ሴት ልጃቸው ምሥራቅ ዘንድ ደምበጫ ሄዱ፣ ለሦስት ቀን። የግቢውን ቁልፍ ለኔ ሰጡኝ። ለኔ! ደረሰ እንኳ አፉን ከፈተ።

ካሰች ጋ ዛሬ አልደወልሁም። የምነግራት የለም፣ ምንም አላየሁም። ይኼው አሥራ አንድ ሰዓት ነው፣ መሪጌታ ደረጃው ላይ ቆሞ ያስባል። ደብተሩ ሊያልቅ ሁለት ቅጠል ቀረው።

አሁን ስልኬ ጮኸ። የድምፅ መልእክት ነው፣ ከደምበጫ። ሁለቴ ሰማሁት፣ እንዳለ ልጻፈው።

«ያምሮት፣ እማዋይሽ ነኝ። የታችኛውን መቀርቀሪያ ጠዋት ነካክቼው ነበር፣ ሳልመልሰው የመጣሁ መሰለኝ። ምሥራቅ ትስቅብኛለች፣ አትስሚያት። አንቺ እንኳ እመኚኝ፣ ልቤ ፈርቷል። ወጡ ቆጡ ላይ? ገብስማዋስ? እዪልኝና ንገሪኝ ልጄ... ሳይመሽ ደውይልኝ።»