በሁዳዴ ስለ ሞላው ፊትሽ

ደብረ ማርቆስ፣ ሐምሌ 24 ቀን

ውድ እህቴ የኔአለም፣

ጤናሽን የምጠይቀው ለወጉ አይደለም። ትናንት የልጅሽ ባል ሙላት ለገበያ መጥቶ ቤቴ ጎራ ብሎ ነበር። «ፍልሰታ ሲገባ መድኃኒቱን አቆማለሁ ብላለች፤ እኛን አልሰማ አለች» አለኝ። እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጥፋቱ የእኔ ነው። በሁዳዴ፣ በማኅበሩ ሴቶች ፊት፣ «የኔአለም፣ ሰው በጾም ይከሳል፤ አንቺ ጓዳ ተደብቀሽ ምን ብትበዪ ነው ፊትሽ እንዲህ የሞላው?» አልሁሽ። ሳቁ። «ቅቤውን ለእኛም አካፍይና!» ያለችም ነበረች። ነጠላሽን ወደ አፍሽ ሳብሽ። ለመገጣጠሚያ ሕመምሽ ስድስት ወር ሙሉ ፕሬድኒሶሎን ስትወስጂ መቆየትሽን አውቅ ነበር። ፊት እንደሚያሳብጥ ግን አላውቅም ነበር። ሳላውቅ መፍረድ የቆየ ልማዴ ነው።

በማግሥቱ ክኒኑን እርግፍ አድርገሽ ተውሽ። ሳምንት ሳይሞላ እያስመለሰሽ፣ አቅም አጥተሽ ወደቅሽ። ሐኪሙ «ማን አቁሚ አላት?» ሲል ጠየቀን። «ይህ መድኃኒት ለወራት ከተወሰደ በኋላ በአንድ ጊዜ አይቆምም። ሰውነቷ የራሱን ሆርሞን ማመንጨት ትቷል፤ ቀስ በቀስ የምንቀንስላት እኛ ነን።» እኔ ግድግዳ ግድግዳውን አየሁ። ሲሻልሽ ልጅሽ ወደ መርጡለ ማርያም ወሰደችሽ፤ ጥፋቴን ሳልናገር ቀረሁ።

ዛሬ ጠዋት ወደ ንስሐ አባታችን ወደ አባ ዘመንፈስቅዱስ ሄድሁ።

«አባ፣ የኔአለም ጠዋት በልታ መድኃኒቷን እንድትውጥ ይፍቀዱላት።»

«እኔማ ከሁዳዴ በፊት ፈቅጄላታለሁ። የከለከሏት እርስዎ ነዎት» አሉኝ። «ለእርስዎስ ቢሆን፣ ሰባ ዓመት ከሞላዎ ወዲህ ስንት ጊዜ ፈቀድሁ? መች ሰሙኝ?»

እውነታቸውን ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት በመጾሜ ስኮራ ኖሬአለሁ። ደክሞኛል፣ የኔአለም። የሰው ጾም ስጠብቅ አረጀሁ።

ክኒኑን አትተዪ። ሐኪሙ በጻፈልሽ መጠን፣ ጠዋት ጠዋት፣ እህል ቀምሰሽ ዋጪ። ቀጠሮሽንም አታሳልፊ።

ነሐሴ አንድ ቀን አንቺ ዘንድ እሆናለሁ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በሩን ከፍተን፣ ጎረቤት እያየን ሽሯችንን አብረን እንበላለን። የምትስቅ ካለች በእኔ ትሳቅ።

የበደለችሽ ታላቅ እህትሽ፣
ዘሪቱ