ውሃ የሚተፋው ቀዳዳ

ይድረስ አሰብ ወደብ ላለኸው ወንድሜ ሰላሀዲን፣

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ከርመሃል? ሙቀቱስ እንዴት አደረገህ? ያ የጎንህ ውጋት ለቀቀህ ወይስ አሁንም ስትስቅ ጎንህን ትይዛለህ? እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን፤ ናፍቆትህ ብቻ ነው ያስቸገረን። እማዬ የላክህላትን ሻሽ ለኢድ ብላ ደብቃው አይጥ ሊበላባት ነው።

ትምህርት መተዌን ሰምተሃል አሉ። አስተማሪው ዳስተር ወረወረብኝ፣ እኔም መልሼ ወረወርኩ፤ የኔ አልሳተም። አሁን ዓሳ አስጋሪዎች ማኅበር ገብቼ ቅርፊት እፍቃለሁ።

የምጽፍልህ ግን አንተ የጀልባ ሞተር ስለምትፈታ ነው። ማኅበሩ ባለሞተር ጀልባ ተሰጥቶታል። ሞተሩ ሲሠራ ከጎኑ በትንሽ ቀዳዳ ውሃ ይተፋል። የሚያፈስ ነገር እያዩ ዝም ይባላል? ማንንም ሳልጠይቅ ጨርቅ በሰም ለውሼ ወተፍኩት። ቀጥ አለ። ወላሂ ኮራሁ። ነጂው ሙላትም ማን እንደደፈነው ሳያውቅ ደስ አለው፤ እሱን ያስተማሩት ማስነሳትና ማጥፋት ብቻ ነው።

በአራተኛው ቀን ሐይቁ መሀል ሞተሩ ጨሰና ጸጥ አለ። ሰዎቹ መዳፋቸው እስኪላጥ ቀዝፈው ወጡ። ሊቀመንበሩ ጓድ ፈንታሁን የሕዝብ ንብረት አቃጠለ፣ ይሄ አሻጥር ነው ብሎ ሙላትን ለእሁድ ስብሰባ አቀረበው፤ ከዚያ ወረዳ ይላካል ተባለ። በአሻጥር ወረዳ የሄደ ሰው ምን እንደሚገጥመው አንተም ታውቃለህ። ሚስቱ ስህን ደግሞ መውለጃዋ ደርሷል።

የኔው ውታፍ ነው አልኩ በልቤ። ግን አንድ ነገር አላስቀምጥ አለኝ፤ የሚወጣው ውሃ በየት ነው የሚገባው? ሞተሩን አውርደው ዛፍ ላይ አስደግፈውት ስለነበር መሬት ላይ ተጋድሜ ፈተሽኩት። ታች፣ ከሚሽከረከረው ክንፍ ከፍ ብሎ፣ እንደ ወንፊት ያለች ነገር አገኘሁ። በሐይቁ ሣርና በዓሳ ቅርፊት ግጥም ብላለች። ቅርፊቱን ጀልባው ሥር የምደፋው ማን ነው? እኔው ነኛ።

ለሙላት ሁሉንም ነገርኩት። ይሰድበኛል ብዬ መልሱን አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን፣ "ባክሽ ዝም በይ፤ ሁለታችንን ከሚወስዱ እኔ ልበቃቸው" አለኝ። ይሄኔ ነው የተናደድኩት። አብሽር አልኩት። ውታፌን ነቅዬ ወንፊቷን በወስፌ ጠራረግሁ። እሁድ ጨቅጭቄው ሞተሩን ተሸክመን ሄድንና ስብሰባው ፊት ውሃ የሞላ በርሜል ላይ ሰቀልነው።

ጓድ ፈንታሁን ማን ፈቀደልሽ ሲለኝ፣ የደፈንኩትም እኔ፣ የምከፍተውም እኔ ነኝ አልኩት። ሙላት ገመዱን ሳበ። በሰባተኛው ተነሳና ውሃውን የሊቀመንበሩ ሱሪ ላይ ተፋው። አንድም ሰው አልሳቀም። ሽማግሌው ጋሽ ውበቱ ግን ጣታቸውን ሰደዱና፣ "ለብ ይላል እኮ" አሉ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቀመጥ። ሁሉም እየተጋፋ ጣቱን ይሰዳል፤ ቀዝቃዛ ገብቶ ለምን ሞቆ ይወጣል እያለ ይከራከራል። ጓድ ፈንታሁን ራሱ ሁለቴ ነካው። ውሃው የሞተሩን ትኩሳት ይዞ ነው የሚወጣው አልኳቸው። ከራሴ ያመጣሁት ነው፤ ልክ ነኝ?

አሻጥር የሚለው ከቃለ ጉባኤው ተሰረዘ፤ ሙላትም ሥራው ላይ ነው። እኔ ቅርፊቱን ርቄ እንድቀብር፣ ጀልባውንም ከሃያ እርምጃ ርቀት አልፌ እንዳልጠጋ ተወሰነብኝ። ልሟገት ስል እማዬ ቆነጠጠችኝ።

አሁን አንተ ንገረኝ። ሞተሩን ያቃጠለው ውታፌ ነው ወይስ ወንፊቷ? ቤንዚኑ ውስጥ የሚገባው ዘይት ስንት በስንት ነው? ሙላት በዓይኑ ነው የሚገምተው። ከዚያ ወዲህ ሲነሳ ቋ ቋ ይላል፤ ውስጡ ተጎድቶ ይሆን? እኔ የማላውቀው ሌላ ቀዳዳስ አለው? ሥዕሉን ሥለህ ላክልኝ።

አባዬ አላህ ይጠብቅህ ብሎሃል። እማዬ እየበላህ እንደሆነ ጠይቂልኝ ብላለች። ትንሿ እህታችን ራህማ ዛጎል ላክልኝ ትላለች። ትናንት ጀልባው ሲነሳ ከሃያ እርምጃዬ ላይ ሆኜ አየሁ፤ ከቀዳዳው የሚተፋው ውሃ ቀጥኗል። አፏጨሁ። ሴት ልጅ ታፏጫለች ወይ ብለው ሁሉም ዞሩብኝ። ሙላት ግን ወዲያው አጠፋውና ጎንበስ ብሎ ወንፊቷን ጠረገ።

እህትህ ኑርሀያት

ሐይቅ፣ ኅዳር 18 ቀን 1979 ዓ.ም.