የጫማሽ ማሰሪያ እኔ ጋ ነው

የአክስቴ ልጅ፣

ሲነጋ ቀስቅሺኝ ብለሽኝ ነበር። ጫማዬን በእጄ ይዤ በርሽን ቀስ ብዬ አለፍኩት። እንዲህ ተኝተሽ እንዴት ልቀስቅስሽ!

የእግር ጉዞ ቡድንሽ መኪና ሞልቷል፤ ያንቺን ቦታ የያዝኩት እኔ ነኝ። የቡድኑ አለቃ ራሱ ደውሎ "ጀማሪዎቹን አንቺ ምሪልን፣ የሐይቁን መንገድ ለምደሽዋል" አለኝ። እውነቱን ነው። እሁድ እሁድ ሥራ ተረኛ ነኝ እያልኩሽ የምወጣው እዚያ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን "ቀላል የእግር ጉዞ ነው፣ ሕፃን ይወጣዋል" ብለሽ ወደ ሐይቁ ወሰድሽኝ። ድልድዩ ላይ የጫማዬ ማሰሪያ ተበጠሰ። "አንዴ ጠብቂኝ" አልኩሽ። ቋጥሬ ቀና ስል ማንም የለም። በዚያ ዝናብ እስከ አስፋልቱ ብቻዬን ወረድኩ። ማታ ደግሞ በስልክ "ሻንጣ ናት፣ ካልጎተቷት አትሄድም" እያልሽ ስትስቂ ሰማሁሽ። የዚህ ቤት ግድግዳ ስስ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

አሁን እንደ ምንም ተነሺና በአውቶቡስ ነይ። መጨረሻ ፌርማታ ላይ ውረጂ፣ ዛፎቹ ላይ የተቀባውን ሰማያዊ ቀለም ተከተይ። ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ ያለው አቋራጭ ያንሸራትታል፣ እንዳትሞክሪው። ወፍራም ካልሲሽን ማሞቂያው ላይ አድርቄልሻለሁ። ለአንቺ ብዬ አይደለም፤ ብትታመሚ አክስቴ የምትጮኸው እኔ ላይ ነው።

የጫማሽን ማሰሪያ ግን ከሁለቱም ፈትቼ ወስጃለሁ። ያ የተበጠሰው የእኔ ማሰሪያ መሳቢያው ውስጥ አለልሽ፤ ቋጥረሽ እሰሪበት።

ድልድዩ ላይ እጠብቅሻለሁ።

ያን ቀን አንቺ የጠበቅሽኝን ያህል።