በአባባ አንደበት የቆጠርነው ሳቅ

ለምትናፍቂኝ ታላቅ እኅቴ፤

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ «ደህና ነኝ» እያልሽ ነው? ባልሽስ፣ ልጆቹስ? የአባባ ጉልበት እንዴት ሆነለት? እኔ በአካል ደህና ነኝ። ራሴን ግን ተጸይፌዋለሁ። ለማን እንደምነግር ሳላውቅ ሰነበትኩና ላንቺ ልናገር ብዬ ነው የምጽፈው።

የኮሜዲ ቡድን ማቋቋማችንን ነግሬሽ ነበር። ሁላችንም ቆጣሪው የምንለው ባልደረባዬ አንድ ኮርስ ወስዶ መጣና «ጊዜና ጉልበት ሳናባክን ትንሿን ሠርተን እናሳይ፤ ሰው የወደደውን እናሳድግ፣ ያልወደደውን እንጣል» አለን። እውነቱን ነው፤ ስንቱ ቡድን ዓመት ሙሉ ተለማምዶ፣ ልብስ አሰፍቶ፣ ለባዶ ወንበር ተውኗል። ስለዚህ በየቅዳሜው ከአንድ አናጺ ቤት ጀርባ ባለች አዳራሽ፣ ያለ መጋረጃ፣ ያለ አልባሳት፣ ሦስት አጫጭር ትዕይንቶች እናሳያለን። እሱ በሩ አጠገብ ቆሞ ሳቅ በተሰማ ቁጥር የያዛትን ትንሽ የመቁጠሪያ መሣሪያ ቀጭ ያደርጋል።

አንድ ቅዳሜ ሦስተኛው ትዕይንት አልደረሰልኝም። ክፍተቱን ልሙላ ብዬ፣ አፌን ይቁረጠውና፣ አባባ ሲንተባተብ አስመሰልኩ። በሰርግሽ ዕለት ሊመርቃችሁ ተነሥቶ «ው... ው... ውለዱ» ሲል ቃሉ እንደተያዘበት። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ ቆጣሪው አርባ አንድ ቆጠረ። ዓመት የደከምኩበት፣ አንድ ስፌት መኪና የሚጋሩ የሁለት ልብስ ሰፊዎች ጨዋታ ያገኘው ስድስት ነበር። ሰኞ ተሰብስበን ልብስ ሰፊዎቹን ጣልናቸው፣ አባባን ሙሉ ትርዒት አደረግነው። እሺ ብዬ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። በየሳምንቱ የትኛው ፊደል ላይ ብቆም ይበልጥ እንደሚስቁ እየሞከርኩ አሻሻልኩት።

ያለፈው ቅዳሜ ትርዒቱ ሲያልቅ አስተያየት ያለው ይናገር አልን። በዕድሜ የገፉ የቧንቧ ሠራተኛ ከኋላ ተነሡ። «እ... እ... እኔ» ብለው ቃሉ ያዛቸው። ሰው የትርዒቱ ክፍል መስሎት በሳቅ ፈነዳ። ዝም ሊያሰኙ እጃቸውን ቢያወናጭፉ ጭራሽ ባሰበት። ቆጣሪውን ባየው አውራ ጣቱ እየቆጠረች ነው። እኔም፣ እትዬ፣ መድረኩ ላይ ቆሜ ፈገግ ብዬ ነበር። ሰውዬው ያሰቡትን ሳይናገሩ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ። ሮጬ ብከተላቸው መንገዱ ላይ አጣኋቸው።

ሰኞ ዕለት ከእንግዲህ ይህን አልሠራም አልኩ። ቆጣሪው «ሰው የወደደውን ትተህ ምን ልታሳይ ነው? ልብስ ሰፊዎቹን?» እያለ አፌዘብኝ። አዎ፣ እነሱኑ። ዘዴው ሰው ምን ይወዳል ብሎ ጠየቀኝ እንጂ አባትህን አምጣ አላለኝም፤ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ተመልካች የቀረጸው ቪዲዮ ግን በየሰዉ ስልክ ገብቷል። ነገ አንዱ ጎረቤት «ልጅዎ እኮ ነው» ብሎ ለአባባ መክፈቱ አይቀርም። ከሰው ስልክ ከሚሰማው ከእኔ ይስማው።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ያቺን መኪናውን መጠገን ይተውና ይሽጣት። ትልቋን ልጅሽን ሳሚልኝ፣ መንትዮቹን ጆሯቸውን ቆንጥጠሽ ሳሚልኝ። አክስቴን ጉልበቷን ሳሚልኝ። አባባን ግን ሰላም እንዳትይልኝ። አጠገቡ ተቀምጠሽ፣ የሰርግሽን ነገር ሳታልፊው፣ ይህን ደብዳቤ አንብቢለት። ሲቆጣኝ ቃሉ ከያዘው አደራ አትጨርሺለት። ራሱ እስኪለው ጠብቂውና ያለውን ሁሉ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ
ከአዳራሹ ፊት ለፊት ካለችው የኪራይ ክፍሌ
የካቲት ፲፱ ቀን